ለሰርተፊኬት የተላኩ ሽማግሌዎች

በትንሽ ከተማ መምህር ሆኖ መኖር ማለት ያላስተማሩትን ሁሉ እየተጠየቁ መኖር ማለት ነው። እኔ አርብ ገበያ በምትባል የጋይንት ከተማ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስለ ደመናና ስለ ወንዝ ብጠየቅ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ደመናውን ገበሬው ከእኔ አብልጦ ስለሚያውቀው የሚጠይቀኝ የለም። እኔ ዘንድ የሚመጣው ሌላው ሁሉ ነው። ሬዲዮ አልናገር ሲል፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለው ጽሑፍ አልነበብ ሲል፣ የላም ሆድ ሲነፋ «እስቲ መምህር ዘንድ ውሰዱት» ይባላል። ላሚቱም ጭምር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፌ ላይ ታስራ አግኝቻታለሁ።

ታዲያ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ አዲስ ጥያቄ ተጨምሯል። «መምህር፣ ይኼ በኢንተርኔት የሚሰጠው የጀማሪ ኮምፒውተር ሰርተፊኬት ለልጄ ይጠቅማል ወይ?» ጥያቄው የሚመጣው ልጁን ዩኒቨርሲቲ ልኮ፣ ጋውን ለብሶ የተነሳውን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ልጁን ግን መልሶ ቤት ከተቀበለ ወላጅ ነው። እኔም አንድ መልስ አለኝ። «እንደ ሰዉ ነው» እላለሁ። ይህች መልስ አሳፍራኝ አታውቅም። ስለ ማዳበሪያም ብትጠየቁ፣ ስለ ትዳርም ብትጠየቁ፣ ስለ ጥርስ ማስነቀልም ብትጠየቁ «እንደ ሰዉ ነው» በሉ፤ ጠያቂው ራሱን ነቅንቆ፣ አመስግኖ ይሄዳል። እናንተም ምንም ሳትሉ አዋቂ ትባላላችሁ።

በነገራችን ላይ ጋይንት ለሰርተፊኬት እንግዳ አይደለም። እኛ ዘንድ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ዓመታት ዜማ ሲቀጽል ኖሮ፣ በመጨረሻ ምስክር መምህር ዘንድ ሄዶ፣ ድጓውን ከፊታቸው ዘልቆ ያስመሰክራል። «ተመሰከረለት» ከተባለ በኋላ በየሄደበት ደብር ቦታ አለው። ስለዚህ የኮምፒውተሩን ሰርተፊኬት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለደብራችን የዜማ መምህር ለመሪጌታ ልሳኑ ሳስረዳቸው ያሰብኩትን ያህል አላደከሙኝም። ኢንተርኔት ምን እንደሆነ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስዘበራረቅ በትዕግሥት አዳመጡኝና «ታስመሰክራለች በለኛ!» ብለው ገላገሉኝ። ቀጥለውም «መምህሩ ማነው?» አሉ። መምህሩ ማሽን ነው አልኳቸው። «ከማን የተማረ ማሽን?» አሉ፤ እሱን እስካሁን እያጠያየቅሁ ነው።

ታስመሰክራለች የተባለችው ስመኝ ናት፤ የአያ ወርቁ ልጅ። እኔው ያስተማርኳት፣ ጂኦግራፊ ወድዳ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ጂኦሎጂ ያጠናች፣ ስለ ድንጋይ የማታውቀው ሳይኖር የተመለሰች ልጅ ናት። ጋይንት ድንጋይ ሞልቶታል፤ ስለ ድንጋይ ለማወቅ ደመወዝ የሚከፍል ግን አልተገኘም። ቤት መዋል ሲሰለቻት ከስልኳ ላይ የኮምፒውተር ጥገናና የኔትወርክ ትምህርት ጀመረች። ክረምቱን በሙሉ እንዲያ ሆና ከረመች። እናቷ ሽሮ ሲያማስሉ እሷ አጠገባቸው ተቀምጣ «ኮምፒውተሩ አልነሳ ካለ አስቀድሞ ኃይል ማግኘቱን ያረጋግጡ» እያለች ታነበንባለች። እናቷ ዛሬም መብራት ሲጠፋ ይህችን ዓረፍተ ነገር በቃላቸው ይወጧታል።

በዚህ መሃል ደብረ ታቦር ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አወጣ። ዲግሪ በማንኛውም የትምህርት ዘርፍ፣ በተጨማሪም የመግቢያ ደረጃ የኮምፒውተር ሰርተፊኬት ያለው ሠራተኛ ይፈልጋል። «በማንኛውም» የሚለውን ቃል ስመኝ ሳትደጋግመው አልቀረችም፤ ድንጋይም ይጨምራላ! ምዝገባው የሚዘጋው በተከታዩ ሳምንት መጨረሻ ላይ ነው። ከሰርተፊኬቱ ፈተና በሥነ ሥርዓት ጉድለት የተባረረ ሰው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ዳግመኛ አይፈተንም። እንግዲህ የልጅቷ ነገር በአንዲት ፈተና ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

አሁን ስለ አባትየው ልንገራችሁ። አያ ወርቁ ገበሬም ናቸው፤ ዋናው ሙያቸው ግን ሽምግልና ነው። በታች ጋይንት ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በመሬት ሲካሰስ፣ ደም ሲፈስ እንኳ የሚጠሩት እርሳቸው ናቸው። አፋቸው ማር ነው። አያ ወርቁ ቆመው ለምነው እንቢ ያላቸው ሰው እስካሁን አልተወለደም ይባላል። በዚህም የተነሳ በዓለም ላይ ያለ ችግር ሁሉ ሦስት ሽማግሌና ጥሩ ንግግር ካገኘ ይፈታል ብለው ያምናሉ። አንድ ጊዜ ክረምቱ ዘግይቶ ሲገባ ሰማዩን አየት አድርገው «ማን ቢላክ ይሻል ነበር?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ፈተናው የሚሰጠው በካሜራ ነው። ፈታኙ ውጭ አገር ሆኖ ተፈታኙን ይጠብቃል። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው መግባት ክልክል ነው፤ ድምፅ ክልክል ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ከኮምፒውተሩ በቀር ምንም ነገር መኖር የለበትም። ቦታው የጌትነት ኮምፒውተር ቤት ሆነ። ጌትነት የጉርድ ፎቶ የሚያነሳ፣ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ፎቶ ኮፒ የሚያደርግ፣ ለሾፌሮች በፍላሽ ዘፈን የሚጭን ታታሪ ወጣት ነው። ቀኑን የመረጠችው ስመኝ ራሷ ናት፤ ከፈረንጁ ካላንደር ላይ ክፍት የሆነ ቀን አይታ ነካችው። ዓርብ መሆኑ የገባት ከነካችው በኋላ ነው። ልብ በሉ፣ ከተማዋ አርብ ገበያ ናት! በግ፣ ጌሾ፣ ጨው፣ የአህያ ጩኸት፣ የድምፅ ማጉያ ማስታወቂያ፣ ያገሩ ሰው ሁሉ ከየጎጡ የሚወርድባት ቀን። አርብ ገበያ ላይ በዓርብ ቀን ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ከተማዋን ስሟን አልጠየቃትም ማለት ነው።

«እኔ እጠብቃለሁ» አሉ አያ ወርቁ። ዱላቸውን ይዘው ከጌትነት በር ላይ ቆሙ። ስመኝም «አባባ፣ ማንም እንዳይገባ፤ ማንም!» ብላ አስጠንቅቃ ገባች። ፈታኙ ክፍሉን በካሜራ አሳዪኝ አላት። ችግር የተጀመረው ያኔ ነው። የጌትነት ግድግዳ በጉርድ ፎቶ ናሙና የተሞላ ነው፤ የወረዳው ግማሽ ሕዝብ እዚያ ተሰልፎ ወደ ካሜራው አፍጥጧል። እኔም አለሁበት። ፈታኙ «እነዚህ ሁሉ መሸፈን አለባቸው» አለ። ጌትነት እየሮጠ ከቤቱ አንሶላ አምጥቶ ሁላችንንም ሸፈነን። ፈተናው ተጀመረ።

አያ ወርቁ በሩን እንዴት እንደጠበቁት የነገሩኝ ያዩት ሁሉ ናቸው። ፎቶ ሊነሳ የመጣውን መለሱ። ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣውን መለሱ። ጌትነትን ራሱን፣ የገዛ ቤቱ ሊገባ ሲል፣ መለሱት። አንዲት አህያ ጭነቷን እንደያዘች ጥላ ፈልጋ ወደ በሩ ስትጠጋ ትኩር ብለው አዩአትና እሷም ተመለሰች። ነገሩ እንዲህ ሲያምር ሳለ መሪጌታ ልሳኑ በትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዘው ደረሱ።

«ጠዋት ጸልየንበታል፤ ለልጅቷ» አሉ መሪጌታ።

«ማንም አይገባም ተብሏል» አሉ አያ ወርቁ።

«እኔ አልገባም። አንተ አለህ አይደል?»

አያ ወርቁ አሰቡበት። ማንም አይገባም የተባለው ለሰው ነው። አባት ደግሞ አባት ነው እንጂ «ማንም» አይደለም። ልጃቸው በሕይወቷ ትልቁን ፈተና ስትፈተን ያለ ጠበል ልትቀር ነው? እና፣ ወገኖቼ፣ አያ ወርቁ በሩን በቀስታ ከፈቱ፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ ድምፅ ክልክል ነዋ! በእግራቸው ጣት እየረገጡ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከኋላዋ ቀረቡና ጠበሉን ረጩት። እጃቸው የዘሪ እጅ ነው፤ አንድ ጊዜ ሲወነጭፉት ልጅቷን፣ ኪቦርዱን፣ አንሶላውንና ካሜራውን እኩል አዳረሰ።

እስቲ ራሳችሁን በፈታኙ ቦታ አስቀምጡ። ባሕር ማዶ ተቀምጣችሁ አንዲት ጸጥተኛ ልጅ እየጠበቃችሁ ነው። ድንገት ነጭ ነገር የተከናነበ ሰው ከኋላዋ ብቅ ይልና ምንነቱ የማይታወቅ ፈሳሽ ይረጭባታል። ካሜራው ይደበዝዛል። ከደበዘዘው ውስጥ «በርቺ የኔ ልጅ!» የሚል የሹክሹክታ ድምፅ ይሰማል። እኔ ብሆን ፈተና ማቋረጥ ብቻ ሳይሆን ፖሊስ እጠራ ነበር።

ፈተናው ተቋረጠ። ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ስለገባ ተባረሻል የሚል ጽሑፍ መጣ። ስመኝ አልጮኸችም። ወጥታ ከጌትነት ደረጃ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። እኔ የደረስኩት ይኼኔ ነው። ያን ሁሉ ክረምት አውቃለሁ፤ ያን «በማንኛውም የትምህርት ዘርፍ» የሚል ቃል ስታነብ ፊቷ እንዴት እንደበራ አይቻለሁ። አያ ወርቁ ደግሞ ባዶውን የጠበል ጠርሙስ ይዘው ቆመዋል። በዕድሜ ዘመኔ እርሳቸው ንግግር ሲያጥራቸው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጥቂት ቆይተው ግን ቀና አሉ። «በድያለሁ» አሉ። «በዳይ እኔ ነኝ፤ ተበዳዩ ያ ሰውዬ ነው። ሥራው ላይ ሳለ ቤቱ ሳላስፈቅድ ገብቼ፣ ውኃ ረጭቼበታለሁ። መምህር፣ ሽማግሌ ሁነኝ።»

«አያ ወርቁ፣ ሰውዬው እኮ ውጭ አገር ነው።»

«ታዲያ የእስቴን ሰው ከጋይንት ድረስ ሄጄ አላስታረቅሁም? መንገዱ ራቀ ተብሎ ይቅርታ ይቀራል?»

ይህን የሚመልስ ጂኦግራፊ አልተማርኩም። ስመኝ ቀስ ብላ ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። ለካ በድረ ገጹ ላይ አቤቱታ የሚጻፍበት መስመር አለ። አባትየው ሽምግልና ሲሉ እሷ አቤቱታ አሰበች። ሁለቱም መንገድ ያው ኮምፒውተር ቤት ያስገባል።

ሽማግሌ ሦስት መሆን አለበት። መሪጌታ ልሳኑ አንድ፤ እኔ ሁለት። ሦስተኛው ሲጠፋ አያ ወርቁ በመንገድ ሲያልፉ የነበሩትን የፍየል ነጋዴ አያ ሲሳይን ክንዳቸውን ያዟቸው። አያ ሲሳይ ለሽምግልና ከተጠሩ እንቢ አይሉም፤ ለምን እንደተጠሩ እንኳ ሳይጠይቁ ፍየላቸውን እየጎተቱ ተከተሉን። በሩ ላይ ስንደርስ አያ ወርቁ ጎንበስ ብለው ከመንገድ ዳር ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አነሱና ማጅራታቸው ላይ ጫኑት። በእኛ አገር ሥርዓት በዳይ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚቀርበው። እኒያ ስንቱን በዳይ ድንጋይ ያሸከሙ ሰው ዛሬ ተራው የእርሳቸው ሆነ።

«አባባ፣ ያ እኮ ባዛልት ነው! ከዚያ አጠገብ ያለው ቀለል ይላል» አለች ስመኝ። ዲግሪዋ ሥራ ላይ ሲውል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አባትየው ግን ቀላሉን እንቢ አሉ።

ገባን። ከኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ተሰልፈን ቆምን። ጌትነት ወንበር ቢያቀርብ ማን ይቀመጣል! ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ስመኝ አቤቱታ መቀበያውን ከፈተችና ሰላምታ ጻፈች። ዓይኗን ገና ሳትነቅል መልስ መጣ። እየተረጎመች አነበበችልን። «ስላነጋገሩን እናመሰግናለን። ለገጠመዎት ችግር ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል።

መሪጌታ ልሳኑ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለ? እሱ ነው ይቅርታ የጠየቀ?»

«አዎ» አልኩ።

«በዳይ እኛ፣ ይቅርታ ጠያቂ እሱ! ኧረግ ኧረግ፣ እንዴት ያለ የጨዋ ልጅ ነው!» አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አያ ወርቁ ደግሞ በሐፍረት ድንጋዩን ከፍ አድርገው ጫኑት።

«ይኼ ማሽን ነው» አለች ስመኝ። «ሰው እስኪመጣ በራሱ ነው የሚመልሰው።»

«ተይ እባክሽ!» አሉ መሪጌታ። «እኔ የማውቀው ማሽን ወፍጮ ነው። ወፍጮ ጋቢዬን በልቶብኛል፤ ይቅርታ ግን ብሎኝ አያውቅም።»

ጥቂት እንደቆየን ሰው መጣ። ወንድ ይሁን ሴት አላወቅንም፤ ብቻ አቤቱታዎን ያስረዱ አለ። ስመኝ ልትጽፍ ስትል አያ ወርቁ ከድንጋያቸው ሥር ሆነው «እውነቱን ጻፊ፤ አንድም እንዳታጎድይ» አሏት። እሷም ጻፈች። የገባው ሰው አባቴ ነው፤ የረጨው ጠበል ነው፤ መልስ ሊነግረኝ ሳይሆን ሊመርቀኝ ነው የገባው፤ እሱ እንግሊዝኛም ኮምፒውተርም አያውቅም አለች። ደግሞም ጻፈች፦ አሁን በአገራችን ወግ ይቅርታ ሊጠይቃችሁ ድንጋይ ተሸክሞ ቆሟል። ሦስት ሽማግሌዎችም ቆመዋል። እሺ ካላላችኋቸው አይቀመጡም። አንደኛው ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ስትጨርስ አባቷን ዞራ አየቻቸውና ላከችው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም ከዚያ በኋላ የግድግዳውን አንሶላ ማየት ያዝኩ።

ቆምን። መልስ የለም። ቆምን። ፍየሏ የኮምፒውተሩን ገመድ ልትቀምስ ስትል ጌትነት ቀደማት። አያ ሲሳይ ድንጋዩን፣ የመሪጌታን እንባ፣ የልጅቷን ፊት ሲያዩ ቆይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«መምህር፣ ሟቹ ማነው?»

«የሞተ የለም።»

«የለም? ታዲያ ይህን ያህል ድንጋይ ለምን አሸከማችሁት?»

«ፈተና አቋርጦ ነው።»

አያ ሲሳይ አያ ወርቁን ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው። «በዚህ ዕድሜው ይፈተናል?»

ልመልስ ስል መልሱ መጣ። ስመኝ አነበበችው። አንዴ በልቧ፣ ከዚያ ጮክ ብላ። «እባክሽ አባትሽ ድንጋዩን እንዲያወርዱ ንገሪያቸው። ሽማግሌዎቹም ይቀመጡ» ይላል።

ያ ሰው የጻፈው ስቆም፣ አዝኖም፣ ለጉልበታቸው ተጨንቆም ሊሆን ይችላል። ስለ እኛ ወግ ምን ያውቃል! አያ ወርቁ ግን ሕይወታቸውን ሙሉ ያቺን ቃል ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌ «ተቀመጡ» ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ እሺ ተብሏል ማለት ነው። ድንጋዩን መሬት ላይ ሲጥሉት ቤቱ ተናወጠ። ሦስታችንም እኩል ተቀመጥን። መሪጌታ ልሳኑ ተነሥተው እጃቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ዘርግተው ረጅም ምርቃት መረቁት፤ ዘርህ ይባረክ፣ ዕድሜህ ይርዘም፣ እንጀራ አይንሳህ አሉት። ስመኝ «ቆይ ገና አልወሰኑም እኮ!» እያለች ብትለምን የሚሰማት አጣች።

እሷ ልክ ነበረች፤ ገና አልወሰኑም ነበር። ውሳኔው የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ዳግመኛ እንድትፈተን ተፈቅዶላታል ይላል። አያ ወርቁ ሲነገራቸው ምንም አልገረማቸውም። «ዓርብ አልቆ አልነበር?» አሉ።

ሁለተኛውን ፈተና ማክሰኞ ተፈተነች። አያ ወርቁ በዚያን ቀን ከቤታቸው ንቅንቅ እንዳይሉ ሚስታቸው ጫማቸውን ደበቁባቸው። ልጅቷ አለፈች። ምዝገባውም ሳይዘጋ ደረሰች።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ፤ ይጠቅማል ወይ ብላችኋላ። የቃለ መጠይቁን ነገር ስመኝ እንደነገረችኝ እነግራችኋለሁ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሰርተፊኬቱን ተቀበሉ፤ ፊቱን አዩ፤ ጀርባውን አገላብጠው አዩ፤ ጀርባው ባዶ ነው፤ አስቀመጡት። ከዚያ አንደኛው ወደ ማዕዘኑ አመለከተና «ያ ፕሪንተር ካኮረፈ ሰንብቷል፤ እስቲ አስነሺው» አላት። ተነሥታ ሄደች። ቴክኖሎጂ የተባለውን ሁሉ ረስታ የእናቷ ምድጃ አጠገብ ስታነበንባት የከረመችው ቃል ብቻ ትዝ አለቻት። ገመዱን ተከትላ ሄደች። ሶኬቱ ውስጥ የተሰካው የፕሪንተሩ ሳይሆን የውኃ ማፍያው ነበር። ነቅላ ሰካችው። ፕሪንተሩ ጮኸ። ፈታኞቹ ሦስቱም ቆመው አጨበጨቡ፤ ሻይ የሚያፈላው ሰው ብቻ ቅር አለው።

እንግዲህ ሰርተፊኬቱ ምን ሠራ? ያለ እሱ እዚያ ክፍል አትገባም ነበር፤ የድንጋይ ዲግሪዋ ብቻውን ደጅ ላይ ስንት ጊዜ ጥሏታል። ከገባች በኋላ ግን አንድም ሰው መልሶ አላየውም። ተቀጥራም ቀኑን ሙሉ ኔትወርክ ስትዘረጋ አትውልም። «ሥራዬ በብዛት» አለችኝ በስልክ፣ «ሰው ተቆጥቶ ሲመጣ ሳልቆጣ ገመዱ ተሰክቷል ወይ ብዬ መጠየቅ ነው። ፈተናው ላይ የሌለው ይኼ አለመቆጣቱ ነው። እሱን አባባ ዘንድ ነው የተማርኩት።» ይህን ለአያ ወርቁ ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ግድግዳው ላይ ሰርተፊኬቱ አለ፤ ጌትነት በቀለም አትሞ፣ በፕላስቲክ ለብጦ ሰጥቷቸዋል። እንዳላይባቸው ነው እንጂ እያለቀሱ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ሰርተፊኬት ለሥራ ዕድገት መጥቀም አለመጥቀሙን በእውነት ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ልጅቷን ተዉና አባትየውን ተመልከቱ። ወሬ እግር አውጥቶ ስማዳ ደረሰ፤ እስቴ ደረሰ። «አርብ ገበያ ላይ ባሕር ማዶ ያለ ፈረንጅ ያስታረቁ ሽማግሌ አሉ» ተባለ። ታረቁ ሳይሆን አስታረቁ፤ ወሬ ሲጓዝ ያሳምራል። ከእስቴዋ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ሰው ተላከባቸው። ከስማዳዋ ወገዳ ሰው ተላከባቸው። አያ ወርቁም የሰርተፊኬቱን ፎቶ ኮፒ አጥፈው በጋቢያቸው ውስጥ መያዝ ጀመሩ።

ባለፈው ወደ ወገዳ ሲጠሩ አስከትለውኝ ሄድኩ። መንገዱን ለምታውቁት አልነግራችሁም፤ ለማታውቁት ደግሞ ከመኪናው ይልቅ ወገቤ ነው ያዘነው። ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ባሕር ዛፍ ተጣልተው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ምሣር አንሥቷል። ታናሽየው እንቢተኛ ነው። አያ ወርቁ ተናግረው ተናግረው ሲደክሙ «ለመሆኑ እርስዎን ማን ያውቅዎታል? ያገራችን ሽማግሌ አልቆ ነው?» አለ። አያ ወርቁ ቀስ ብለው እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ወረቀቱን አውጥተው ዘረጉት። ታናሽየው አየው፤ እንግሊዝኛ ነው። ለእኔ ሰጠኝ።

«መምህር፣ ምን ይላል?»

ሰው ሁሉ እኔን አየኝ። አያ ወርቁ ግን አላዩኝም፤ ራቅ ብለው ባሕር ዛፎቹን ይመለከታሉ። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ጠጋ አደረግሁና ያለውን አነበብኩ። ችግር ሲያጋጥም መንስኤውን ለይቶ ለመፍታት የሚያስችል ብቃት እንዳለ ተመስክሯል ይላል። ለምን ዓይነት ችግር እንደሆነ ከታች በትናንሽ ፊደል ተዘርዝሯል፤ ዓይኔ ደግሞ ትናንሹን ማንበብ ካቆመ ቆይቷል።

«የእርሳቸው ስም አለበት?» አለ ታናሽየው።

የልጅቷ ስም ከእነ አባቷ ነው የተጻፈው፤ እንዳገራችን ወግ። «ወርቁ የሚለው አለ» አልኩ። ውሸት ነው? አይደለም። ታናሽየው ወረቀቱን ተቀብሎ በሁለት እጁ ይዞ፣ ያቺን ስም በጣቱ ዳሰሰና መለሰው። «በሉ ተቀመጡ» አለን። ሁለቱ ወንድማማቾች በዚያው ቀን ተሳሳሙ፤ ዛፎቹም እኩል ለእኩል ተከፈሉ።

ሰሞኑን ስመኝ ደውላ ነበር። ሰርተፊኬቱ ለዘለዓለም የሚቆይ አይደለም አሉ፤ የተወሰነ ዓመት ሲሞላው ያበቃል፤ እንደገና ተፈትኖ ማሳደስ ይገባል። እሷ በቀላሉ ነው የነገረችኝ፤ ሠራተኛ ሆናለች፤ አልደነገጠችም። እኔም ሳላስብበት ለአባቷ ነገርኳቸው። አያ ወርቁ ክው አሉ። የያዙትን ዱላ ወደ ግድግዳው አስደግፈው፣ ሰርተፊኬቱን ትኩር ብለው አዩት። የሚያስቡት ስለ ልጃቸው መስሎኝ ላጽናናቸው ስል ቀደሙኝ።

«መምህር» አሉ በቀስታ። «ያበቃ ጊዜ ያስታረቅኋቸው ሁሉ ተመልሰው ይጣሉ ይሆን?»

አሰብኩበት። የወገዳን ወንድማማቾች አሰብኩ፤ ምሣሩን አሰብኩ።

«እንደ ሰዉ ነው» አልኳቸው።